ለፎቶ የተመረጠ ሼርዋኒ

ሜፕልዉድ፣ ግንቦት 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ሀሲባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ወረቀት አንቺንም እናታችንንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

መጋዘን አብሮኝ የሚሠራው ህንዳዊ፣ ዲነሽ፣ ባለፈው እሑድ አገባ። በዋዜማው ምሽት እንደነሱ ለብሰን እንድንመጣ ስለለመነን፣ ከወር በፊት ድራይቭ አድርጎ እዚሁ ወዳለ የአገሩ ሰው ልብስ ሰፊ ወስዶኝ ነበር። ሰፊው መጀመሪያ ኩርታ የሚሉትን ስስ ረጅም ሸሚዝ አለበሰኝ። መስታወቱን አየሁና ቶሎ አወለቅሁት። ሼርዋኒውን መረጥኩ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ኮት ነው፣ ትከሻው ውስጥ ጥጥ አለው፣ ኮሌታው ቆሞ አንገት ይሸፍናል። ዲነሽ "በዚህ ሙቀት?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ!

በሦስተኛው ሳምንት ልወስደው ስሄድ ሰፊው ቁልፎቹን ቆለፈልኝ፤ ጎኑ ሰፍቶኝ ነበር። ሜትሩን አምጥቶ እንደገና ለካኝ፣ ደብተሩንም አየ።

"ጾም ላይ ነህ?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ረመዳን ካለፈ ሦስት ወር እንደሆነው እሱ በምን ያውቃል? ጎንና ጎኑን አጠበበልኝ። ትከሻውን ግን እንዳይነካብኝ ለመንኩት።

እናታችን ፎቶ ሲደርሳት መጀመሪያ አንገት እንደምታይ ታውቂያለሽ። እዚህ ውስጥ ያለውን የሠርግ ፎቶ አሳዪያትና "ልጅሽ ሞላ ብሏል" በያት። ብቻ አደራሽን፣ የአምናውን ፎቶ ቀድመሽ ከግድግዳው አውርጂልኝ፤ ጎን ለጎን እንዳታያቸው።

ዱዓችሁ አይለየኝ።

ወንድምሽ ቡርሃን