ከሥዕሉ ሥር የነበረው ቀይ መብራት

ለባለቤቴ ለታደሰ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰነበትክ» ይባላል፤ እኔ ግን አልጠይቅህም። በሕይወት ሳለህም ስጠይቅህ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረህም፤ ደህና ሳትሆንም ደህና ነኝ። ስለዚህ ጥያቄውን ለኋላ ትቼ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በስተርጅናዬ ማታ ማታ ፊደል ልቁጠር ብዬ ስነሳ፣ «እኔ እያነበብኩልሽ ምን ያደክምሻል?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ያነበብክልኝ አንተ የፈለግኸውን ብቻ እንደነበር የገባኝ ማንበብ ስጀምር ነው። ይኸው ቂሜን እንኳ አሁን በጽሑፍ አደረግሁት።

ሰናይት ጠቅልላ ወደ እኔ መጥታለች። ልጅህ አሁን እዚሁ ጅማ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በሰፈራችን በመንደራ ቆጪ ያለው መንገድ ድንጋይ ስለተነጠፈበት ባጃጅ እስከ በራችን ይመጣል። መኪናህ ግን አቮካዶው ሥር እንዳቆምካት ነበረች። ዶሮዎቹ ሥሯ ያድሩ ነበር።

ወንድምህ ግርማ ከሙት ዓመትህ ማግስት ጀምሮ አንድ ነገር ይዞ ሊለቀኝ አልቻለም። «እትዬ ብርቄ፣ ቆማ ዝገት ከሚበላት ትሸጥ። ሰቃ ገጠር ያለውን የቡና እርሻሽን እኔ እየሄድኩ አይልሻለሁ» ይለኛል። እኔ ደግሞ በራሱ መኪና ሰቃ መድረስ ያልቻለ ሰው የሰቃ ቡና ባለቤት ሆኖ እንደማይቆይ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ግርማ ያይልኛል፤ በሁለተኛው ያዝዝልኛል፤ በሦስተኛው እኔ ቡናዬን እንግዳ ሆኜ እጠይቃለሁ። በኋላ ሰርቦ ከተማ የመኪና ገዢ አገኘሁ፣ እሑድ ይመጣል አለኝ። እኔም እሑድ ሳይደርስ መኪናዋ ሰቃ ደርሳ ከተመለሰች አልሸጥም፣ ካልደረሰች ግን እፈርማለሁ አልኩት። ሳቀ። የቤተሰባችሁ ሳቅ አንድ ዓይነት ነው።

ሰናይት መንጃ ፈቃድ አላት። ችግሩ ፍሬኑ ነበር፤ ሲይዝ እንደ ታረደ በግ ይጮሃል። ሸራው አልቋል አለች፤ አዲስ ገዛንና ራሳችን ልንቀይር ተነሳን። በስልኳ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጎማ ይፈታል። እሷ ታቆመዋለች፣ እኛ እንፈታለን፤ ደግሞ ትለቀዋለች፣ ደግሞ ታቆመዋለች። ክሪኩን የማዞረው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ከዚህች መኪና ጋር ኖሬ ከጎማው ጀርባ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም ነበር። ብታይ፣ ፍሬን ማለት ሁለት እጅ አንድን ሳህን ግራና ቀኝ ጭምቅ አድርጎ እንደመያዝ ነው! ይህን ለመንገር ምን ያህል ጊዜ ይወስድብህ ነበር?

ገጥመን ስንጨርስ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደነገጥን። ሰውዬው ለካ ደጋግማችሁ ርገጡት ብሎ ነበር፤ እኛ እዚያ ሳይደርስ አቁመነዋል። ሰናይት ስትረግጠው እየጠነከረ መጣ። እኔ እስከዚያው ጋቢናውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ከመሪው ጀርባ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ጎን የለጠፍካት ትንሿ የማርያም ሥዕል ውሃ ሲነካት ተላቃ እጄ ላይ ቀረች። ተሳልሜ ደረቴ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ ሰናይት ሞተሩን ስታስነሳ አንድ ቀይ መብራት በራ። አልጠፋም።

ግርማ በዚያው ሰዓት ደረሰ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እሰይ! ነርሷ መኪናዋንም ደም አስተፋቻት» አለ። ልጅህ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የፈታሁት እኔ፣ ያበላሸሁት እኔ ብላ ካቻቢቴውን መሬት ጣለችው። ገደልና ቁልቁለት ባለበት መንገድ በዚህ መብራት አልነዳም አለች። እውነቷን ነው።

እኔ ግን መብራቱን አየሁት። ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ነው። የማታ ትምህርት ላይ መምህራችን ሰው ሲጮህ ወይም ሲደነቅ መጨረሻው ላይ ይደረጋል ብላ አስተምራናለች። ጩኸቱ እዚህ አለ፤ የሚጮህበት ነገር ግን አልተጻፈም። ታዲያ መኪናዋ ምን ልትል ፈልጋ ነው? አንጀቴ ሁሉ ማወቅ ፈለገ። ሰናይትን፣ ተነሽ፣ ይህ መብራት ስንት ምክንያት አለው ብዬ ጠየቅኋት። ስልኳን አገላብጣ፣ ወይ የፍሬን ዘይት ሲጎድል፣ ወይ የእጅ ፍሬን ሳይወርድ ሲቀር ነው አለችኝ።

ኮፈኑን ከፈትን። ዘይቱ ከላይኛው መስመር ሥር ልክ ነው። የሚፈስ ነገር ካለ ብለን በጎማዎቹ ጀርባ በነጭ ጨርቅ ዳበስን፤ ደረቅ ነው። ሰናይት ከዘይቱ ዕቃ ክዳን ላይ ያለውን ሽቦ ነቀለች፤ መብራቱ እንደበራ ነው። እንግዲያው ነገሩ እዚህ የለም ብላ መልሳ ሰካችው። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን አየን፤ ወርዷል። ግርማ «ጊዜ አታባክኑ፣ ወርዷል» አለ። እኔ ግን ዘንጉን ይዤ ወደ ታች ስጫነው ትንሽ ዝቅ አለና መለሰኝ፤ ድስት ክዳኑ አልገጥም ሲል እንደሚሰማው። ስጫነው መብራቱ ለአፍታ ድርግም አለ።

ከዘንጉ ሥር ያለውን የተቀደደ ቆዳ ገለጥነው። ታዴ፣ ምን አገኘን መሰለህ? ቡና! የቡና ፍሬ ከነገለባው፣ ከአቧራ ጋር ተጠቅጥቆ። በየመንገዱ ገበሬ መድረቁን እንድታይለት በመስኮት እፍኝ ጀንፈል፣ ከነገለባው የተሰጣ ቡና፣ ሲያቀብልህ ገለባውን በጥፍርህ ትፈለቅቃለህ፣ ፍሬውን በፊት ጥርስህ ትነክሳለህ፣ ደረቅ ነው ወይ እርጥብ ነው ትልና በጎንህ ትጥለዋለህ። ያ ሁሉ የጣልከው ወርዶ ወርዶ ዘንጉ እንዳይቀመጥ አድርጎት ኖሯል። እየዛቅን ስናወጣ ሰናይት አንዷን ፍሬ ወደ ብርሃን አነሳች። የጥርስህ ምልክት አለባት። የተሸረፈው ጥርስህ ሳይቀር። ግርማ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጠርገን ስንጨርስ መብራቱ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ስናነሳው ይበራል፣ ስናወርደው ይጠፋል።

አሁን ጥያቄዬ ይኸውልህ። ሥዕሏ የተለጠፈችው ልክ መብራቱ ላይ ነበር፤ የማጣበቂያው ክብ አሁንም በመስታወቱ ላይ ይታያል። እኔ ለጸሎት የለጠፍካት መስሎኝ በየጉዞው ወደሷ እማለድ ነበር። መብራቱ እንደሚበራ ታውቅ ነበር። ቡና መሆኑንስ ታውቅ ነበር? ወይስ ፍሬኑ ይሆናል ብለህ እየፈራህ ነው ያንን ሁሉ ቁልቁለት እኔን ይዘህ የወረድከው? የደረትህንም ሕመም እንዲሁ ሸፍነህ ነው ከእኛ ጋር የኖርከው። ያን ግን ገልጦ ያየልህ የለም። ተቆጥቼ ልጽፍልህ ነበር፤ ስጽፍ ግን ከቁጣዬ ይልቅ ማወቅ መፈለጌ በለጠብኝ። ፈርተህ ነበር ወይ?

በዚያው ቀን ሰቃ ወረድን። ሰናይት ነዳች፣ እኔ መሃል፣ ግርማ በር ላይ። ከተማውን ሳንለቅ ሜዳ ላይ ደጋግማ ፍሬኑን ሞከረችው፤ አይጮህም፣ ይይዛል። ቁልቁለቱ ላይ ግርማ ዓይኑን ከመብራቱ ላይ አልነቀለም። አልበራም።

ቡናችንን የሚጠብቅልን ከድር ቡናው ከተሰጣበት አልጋ ላይ እፍኝ ጀንፈል አንስቶ፣ «ጎጌራ፣ ደርቋል» እያለ በልማዱ ወደ ወንዱ፣ ወደ ግርማ ዘረጋ። እጄን በመሃል አስገብቼ ተቀበልኩት። ገለባውን ፈለቀቅሁ፣ ፍሬዋን በፊት ጥርሴ ነከስኩ። ጥርሴ ሰመጠ።

«ሂን ጎግኔ» አልኩት፤ «አልደረቀም። መልሰህ አስጣው።»

ከድር ሳቀና፣ «አዮ፣ እናቴ፣ ልክ እንደ ጋሽ ታደሰ ሆንሽ እኮ» አለኝ። ግርማ ፈንጠር ብሎ ለሰርቦው ሰውዬ ደወለ፤ ራሱ አትምጣ አለው።

ታዴ፣ እኔ አንተን የማስታውስህ ሻማ በማብራት ብቻ አይደለም። የሸፈንከውን እየገለጥኩ፣ ያልነገርከኝን እየጠየቅሁ ነው። ያገኘሁትንም ሁሉ እጽፍልሃለሁ፤ ደግም ሆነ ክፉ፣ አልደብቅህም።

ሚስትህ ብርቅነሽ