የእንቁራሪቷ ዓይንና የእናትሽ ዓይን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ለአሪፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሸዋ ሮቢትም አንቺ እንዳለሽባት ጅዳ ትሞቃለች፣ የቀረን ባሕሩ ብቻ ነው።

ትናንት በስልክ የእናትሽ የዓይን ቀዶ ጥገና ለምን በአንድ ቀን እንደዘገየ ስትጠይቂኝ ወሬ የቀየርኩት ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ነው።

ሰኞ ዕለት የዓይን ሞራዋ ሊገፈፍላት ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። መርፌ ስለፈራች ላደፋፍራት ብዬ ካራቆሬ ከገዛሁት አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ ያነበብኩትን አወራላት ጀመር። በሩቅ አገር ተራሮች ላይ ያሉ ሰዎች ድካምና ረሃብ ለመቋቋም አንድ ቅጠል፣ እንደኛ ጫት፣ ለሺህ ዓመታት ሲያኝኩ ኖሩ። ጀርመኖች ከቅጠሉ ኮኬይን የሚባለውን ነጭ ዱቄት አወጡ። ቆይቶ አንድ ወጣት ሐኪም ዱቄቱን በውኃ አሟሙቶ መጀመሪያ በእንቁራሪት ዓይን፣ ቀጥሎም በገዛ ዓይኑ ጠብ አደረገና በስፒል ነካው፤ ምንም አልተሰማውም። የዓይን ማደንዘዣ በዚህ ተጀመረ። እንዴት ያለ ልብ ነው?

እናትሽ ግን ኮኬይን የሚለውን ስትሰማ ሻሿን አጥብቃ ተነሳች። «በስተርጅና ሱሰኛ ልታደርገኝ ነው?» ብላኝ ወደ ቤት። ሁለት ሴቶችም ተከተሏት። ነርሷ ናርዶስ «ጋሼ ሷሊሕ፣ ነገ ሲመጡ መጽሐፉን ቤት ይተዉልን» አለችኝ። ለጥቂት ቀን ብቻ የመጣው የዓይን ሕክምና ዘመቻ የሚያበቃው በማግሥቱ ነበር፤ ካመለጣት የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ አላህ ነው የሚያውቀው።

ቤት ገብቼ የቀረውን ነገርኳት። አንጎላችን ውስጥ ደስታ የሚያደርሱት መልእክተኞች እንደ ከተማችን ባጃጆች ናቸው፤ አድርሰው ወደ ተራቸው ይመለሳሉ። ኮኬይን የመመለሻውን መንገድ ይዘጋል። ሁሉም አስፋልት ላይ ቀርተው ክላክስ ሲያጮሁ ሰውየው ሠርግ ቤት የገባ ይመስለዋል። ሲደጋገም ግን አንጎሉ ጆሮውን ይደፍናል፤ ምግብም የልጅ ሳቅም አይጥመውም፣ ያንኑ ዱቄት ብቻ ይላል። ሐኪሞቹ ይህን አይተው ሱስ የማያስይዝ ሌላ ማደንዘዣ ሠሩ፤ «ለአንቺ የሚሰጡሽ እሱን ነው» አልኳት።

እናትሽ ግን «እንቁራሪቷስ? በኋላ አየች?» አለችኝ።

መጽሐፉ አይናገርም። ልዋሽ አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። «አላውቅም» አልኳት።

«በስልሳ ዓመትህ አላውቅም ስትል ዛሬ ሰማሁህ። እንዲያ ከሆነ የቀረው እውነት ነው። ነገ ማልደህ ና።»

በማግሥቱ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ዞር ሳትል ገባች፤ እኔ ውጭ ቀረሁ። ያን ሐኪም አደንቀዋለሁ፤ እሱ ግን ቢያንስ በእንቁራሪት ሞክሮ ነው። እናትሽ በአንድ «አላውቅም» ተማምና ዓይኗን ሰጠች።

ዛሬ ጠዋት ፋሻው ተነሳ። ፎቶሽን ከቦርሳዋ አውጥታ አተኩራ አየችና «ከስታለች» አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች፤ ጫት ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው ያልኳት ውሸት መሆኑን ጥርሴ ላይ አነበበችው።

ለባለቤትሽ ለሙዐዊያ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሿን መሊካን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ ፎቶ ላኪ ብላሻለች በያት። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን እያየች ስለሆነ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም።

አጎትሽ ሷሊሕ
ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.