ከሰልፉ የተነሣው ድንጋይ

ይድረስ ለታዴዬ፣

ደብዳቤ ለጤናህ እንደምን ነህ ተብሎ ይጀመራል። እኔም እጄ ለምዶበት እንዲሁ ጽፌ ነበር፤ ኋላ ለሞተ ሰው ጤና ይጠየቃል ወይ ብዬ ራሴን ታዝቤ ሰረዝኩት። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ የቀጨኔን ዳገት አልወጣም ከማለቱና አንተን ከማጣቴ በቀር። ከተለየኸኝ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። አርባህን በወጉ አውጥተናል። ሰው እንደ ጉድ መጥቶ ድንኳኑ አልበቃ አለና ግማሹ ጎረቤት ግቢ ተቀመጠ። አንተ ብትኖር ይህን ሁሉ ሰው በዚህች ወንበር እንዴት እንደልድለው እያልክ እንግዳውን በጥያቄ ታስጨንቀው ነበር።

ቤታችን ትንሽ ተለውጧል። ልጃችን ማርታ እማዬ ብቻዋን አትሆንም ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ ገብታለች፤ ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ፣ ነጠላሽን ደረብሽ ወይ እያለች እንደ ሕፃን ስትጠብቀኝ ትውላለች። ታናድደኛለች፤ ባትኖር ደግሞ ምን ይውጠኝ ነበር። የግቢው በር ዝገቱ ተፍቆ አረንጓዴ ተቀብቷል። ያ በውኃ ልክ እየለካህ ዘሟል፣ ዘሟል ስትለው የኖርከው አጥር በመጨረሻው ዝናብ ወደቀ። አንተ ባልከው በግራ በኩል ነው የወደቀው፤ ደስ ይበልህ። ዕድሜህን ሙሉ የአገሩን መንገድ ስትቀይስ ኖረህ የራስህን አጥር ሳታቃና ሄድክ።

ያልተለወጠው ስልክህ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ማርታ ለምንድን ነው ብትለኝ እንዳልሰማ ሆኜ ሽቦውን እሰካለሁ። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ነፍስህን የሰጠኸው ያ የሒሳብና የሳይንስ ወዳጆች ግሩፕ ዛሬም ሲንጫጫ ይውላል። መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ እያለ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ከአንድ ጋር እኩል ነው፣ አይደለም ብለው ተጣሉ። አንዱ ተናዶ ግሩፑን ጥሎ ወጣ፤ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ገባና ደግሞ ጨረቃ ስትወጣ ለምን ትልቅ ትመስላለች ብሎ ሌላ ጠብ ጀመረ። ብቻዬን ስስቅ ማርታ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች።

ታዴ፣ መሞትህን አያውቁም።

ፊትህን አይተውት አያውቁም፤ ቤትህንም አያውቁም፤ የሚያውቁህ በጥያቄህ ነው። ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት የለቀቅከውን ጥያቄ አሁንም ይዘውታል። ሠላሳ ሰባት ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ይጋጠማሉ፣ የተሸነፈ ይሰናበታል፣ ተጋጣሚ ያጣ በዕጣ ያልፋል፣ ዋንጫው እስኪነሣ ስንት ጨዋታ ይደረጋል ብለሃል። ከሥሩ ደግሞ መልሱን ለምታገኙት ታሪክ አለኝ፣ ይህን መልስ መጀመሪያ ከማን እንደሰማሁትና በእሱ ሰበብ ምን እንዳገኘሁ እነግራችኋለሁ ብለህ ቃል ገብተሃል። መልሱን ወዲያው አገኙት፤ የዘንድሮ ልጆች ምን ይሳናቸዋል። የቀራቸው ታሪኩ ነው። ጋሽ ታዴ መልሱን አገኘነው እኮ፣ ታሪኩን ይልቀቁልን እንጂ ይላሉ። አንዷማ ጋሽ ታዴ አኩርፈውናል እንዴ ብላ ጽፋለች፤ ያቺ አንጀቴን በላችው።

አልነገርኳቸውም። ለቀጨኔ ሰው ሞተሃል፤ ለዕድሩም ለቤተ ዘመዱም ሞተሃል። በሕይወት ያለህበት የቀረ ቦታ ያ ግሩፕ ብቻ ነው። ከነገርኳቸው እዚያም ትሞትብኛለህ። ዝም ካልኩ ደግሞ ቃልህን የበላህ ሰው ትሆናለህ፤ አንተ ደግሞ ነገረኛ ትሆን እንደሆነ እንጂ ቃል የምትበላ ሰው አልነበርክም። ይኸው ሁለት ወር በዚህ መሐል ስዋልል ከረምኩ።

ታሪኩንማ ከኔ በቀር ማን ያውቀዋል?

ያ ሰልፍ ትዝ ይልሃል? ስኳርና ዘይት ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በቀር የማይገኝበት ዘመን ነበር። ሰው ጠዋት መጥቶ ድንጋይ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ተራውን ይጠብቅለታል። ድንጋይ ያጣ ቅርጫት ወይ የዘይት ቆርቆሮ ያኖራል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሰው ያንን ድንጋይ በእግሩ ወደፊት ይገፋለታል። የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የእገሌ ነው የሚል አንድ ሰው እስከተገኘ ድረስ ያንን ድንጋይ ማንም አይነካውም። መንግሥት ያላወጀው፣ ሁሉም ያከበረው ሕግ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ውይይት ደግሞ በግዴታ ነበር። እሑድ እሑድ ቀበሌ እንጠራና የማይገባንን ስንወያይ እንውላለን፤ ያላጨበጨበ ይታያል። የእናንተን ውይይት ግን ማንም አልጠራውም። አንተ፣ የፊዚክስ አስተማሪው ግርማና ልብስ ሰፊው ደምሴ ድንጋዮቻችሁን ሰልፍ ላይ ትታችሁ ከሱቁ ግንብ ሥር ትቆሙና በእንጨት አፈር ላይ እየጫራችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። የፈላ ውኃና ቀዝቃዛ ውኃ የቱ ቀድሞ በረዶ ይሆናል፤ ከእንጦጦ የተለቀቀ ድንጋይ አዲሱ ገበያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል። ደምሴ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ቢሸነፍም አይሸነፍም። እኔ ከሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራዬ ወጥቼ ስሰለፍ ጆሮዬን ወደናንተ ጣል አደርግ ነበር። እውነት ለመናገር ሰልፉን የወደድኩት በናንተ ነው።

ያን ቀን የቀበሌዎች ዋንጫ ሊጀመር ነበርና የሠላሳ ሰባቱን ቡድን ነገር አነሣህ። አፈሩን በቁጥር ሞላችሁት። አሥራ ስምንት ጨዋታ፣ አንዱ በዕጣ ያልፋል፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ እያላችሁ። ግርማ ሠላሳ አምስት አለ፤ ደምሴ ሠላሳ ሰባት ብሎ ድርቅ አለ፤ አንተ ሁለቱንም ትተህ ከመጀመሪያው ጀመርክ። ትዕግሥቴ አለቀና ዞር ብዬ ሠላሳ ስድስት ነው አልኳችሁ። እንዴት ብትሉኝ፣ የሚጫወቱትን ምን ያስቆጥራችኋል፣ የሚሰናበቱትን ቁጠሩ እንጂ፤ አንድ ጨዋታ አንድ ቡድን ያሰናብታል፣ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው፣ በቃ። ደምሴ እጁን አጨበጨበ። ግርማ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። አንተ እንጨትህን እንደያዝክ አፍህን ከፍተህ ቀረህ፤ ያን አፍህን ዕድሜ ልኬን አሾፍኩበት።

ይህን ስንል አብዮት ጥበቃው መጣ። ሰው ተሰብስቦ መሬት ላይ ምልክት ሲጭር አይቶ ምን እየተዶለተ ነው አለ። ያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይወሰድ ነበር። ደምሴ ብልጡ የቀበሌያችንን ቡድን ለዋንጫ እያደረስነው ነው አለው። ሰውየው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መለሰና ያለፈው ዓመት ዳኛ እንዴት እንደበደላቸው ሊያስረዳን ጀመረ፤ እንጨቱን ከእጅህ ተቀብሎ ሜዳውን ሣለልን። ዳኛውን እየረገምን ስናዳምጥ ድንጋዮቻችን ሱቁ በር ደርሰዋል፤ ጠሪ ጠርቶን አልሰማንም። ቀና ስንል ስኳሩ አልቋል። እናቴ ያን ዕለት ሠላሳ ስድስትሽን ሻይ ውስጥ ጨምሪና ጠጪ ብላ ሰደበችኝ። አንተ ግን በማግስቱ ካለፈው ድርሻህ ከተረፈው ስኳር ቋጥረህ በራችን ላይ ቆምክ። እንግዲህ በመልሱ ሰበብ ያገኘኸው እኔን ነው፤ መቼም ለልጆቹ ይህን አሳምረህ ልታወራ ነበር።

ግርማ ሚዜህ ሊሆን ነበር። ከሠርጋችን በፊት አንድ ጠዋት ድንጋዩን አስቀምጦ ማስተማር ሄደ። ከትምህርት ቤቱ በር ወስደውታል አሉ። በዚያው ቀረ። ወሬውም ሬሳውም አልመጣም። ድንጋዩን ግን ታስታውሳለህ፣ ያን ሰፊውን፣ ነጭ መስመር ያለበትን። አንተ አላነሣኸውም። ሰልፍ በሆነ ቁጥር ከግንቡ ሥር አውጥተህ ከድንጋይህ ፊት ታኖረውና ትገፋዋለህ። የማን ነው ሲሉህ የግርማ ነው ትላለህ። ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ቀስ በል ብዬ እጅጌህን እጎትታለሁ፤ አንተ የግርማ ነው ትላለህ። በእሱ ተራ የምታወጣውን የእናቱን ድርሻ ስኳር ተሸክመህ ቁስቋም ድረስ እየወጣህ ለእማማ ተዋበች ታደርስ ነበር።

ከዚያ እማማ ተዋበች አንድ ቀን ያሉንን አስበው። ሻያቸውን አስቀመጡና፣ ልጆቼ ድንጋዩን አንሡልኝ አሉ። እሱ ሲገፋ ልጄ ተራው ሊደርስ፣ ሊመጣ እየመሰለኝ በር በር አያለሁ፤ እንኩ ብላችሁ ስጡኝና እንደማይመጣ አውቄ ልቀመጥ አሉ። አንተ ዳገቱን ድንጋይ ታቅፈህ ወጣህ፤ እኔ ከኋላህ እያለቀስኩ። ከደጃፋቸው ፀሐይ በሚመታው በኩል አኖርንላቸው። እስኪሞቱ ድረስ ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ እየተቀመጡ ይሞቁ ነበር። የሚያልፍ ሁሉ ይህ ድንጋይ ከየት መጣ ሲላቸው የልጄ ነው እያሉ ስለ እሱ ያወሩ ነበር። ሰልፍ ላይ ሳለ ስሙን ብቻ ነበር የምንጠራው፤ ደጃፋቸው ላይ ግን ሰውየው ራሱ ተወራለት።

ትናንት ስልክህን ቻርጅ ልሰካ ጎንበስ ስል ነው ይህ ትዝ ያለኝ። አሃ አስቴር፣ ድንጋይ እየገፋሽ ነው አልኩ። እነዚያም ልጆች እንደ እማማ ተዋበች በር በር ያያሉ።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩላቸው። በስልክህ፣ በስምህ ሥር፣ ግን በራሴ አፍ። ጋሽ ታዴ አርፏል፣ እኔ ባለቤቱ አስቴር ነኝ፣ ያን መልስ የነገርኩት እኔ ነኝ ብዬ ጀምሬ ሰልፉን፣ አብዮት ጥበቃውን፣ ያለቀውን ስኳር፣ የግርማን ድንጋይ ሁሉንም አወራኋቸው። ፊደል ስስት ማርታ አርምልሽ አለችኝ፤ ተይው አልኳት። ላክሁት። ከዚያ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር እያለ ስልኩ አላቆም አለ። ሁለት ወር ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩት። አኩርፈውናል እንዴ ያለችዋ ልጅ እትዬ አስቴር እርስዎስ ጥያቄ የለዎትም ወይ ብላኛለች። ነገ በራሴ ስልክ እገባለሁ፤ የእንጦጦውን ድንጋይ አነሣላቸዋለሁ፣ እስኪ ይጣሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አልቀርም። ግርማ ተሰናበተ፣ ደምሴም ከሞተ ቆየ፣ አሁን ደግሞ አንተ። ከዚያ ከግንቡ ሥር የቀረሁት እኔ ነኝ። ያኔ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው፣ በቃ ብዬ ስኩራራ የሚቀረው አንዱ ምን እንደሚሰማው አላሰብኩትም ነበር። ይህ ዋንጫ ከሆነ ለኔ ይቅርብኝ ታዴ፤ በጊዜ ብሸነፍ ይሻለኝ ነበር።

ስልክህን አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አልሰካሁትም፤ እጄ ግን ሄዶ ሄዶ ተመለሰ። ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል፣ ከፎቶህ አጠገብ አኑሬዋለሁ። የገባ እንግዳ ሁሉ ማየቱ አይቀርም፤ አይቶም መጠየቁ አይቀርም። ይህ የማን ነው ሲሉኝ፣ እስካለሁ ድረስ፣ ቁጭ በሉ ብዬ ወንበር እስባለሁ፤ የታዴ ነው እላቸዋለሁ።

ያንተው አስቴር