አምፖሉ የማይጠፋው ሳጥን

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ዛሬም አምፖሉ አልጠፋም። ደብተሬ፣ ላንተ ነው የምነግርህ፤ ክፍል ውስጥማ አፌ አይከፈትም። ክልሉ ባሠራው አዲስ ማሠልጠኛ የደረሰኝ ሥራ የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን ነው። ፕሮግራሙ ሙቀቱን ያነባል፤ ከቀዘቀዘ አምፖሉን ያበራል፣ ከሞቀ ያጠፋል። ማለት፣ ማጥፋት ነበረበት። ጠዋት ይበራል፣ በአሶሳ ቀትርም እንደበራ ነው። ሜሮን፣ ከፓዌ የመጣችው ጓደኛዬ፣ ሳቀችብኝ። መምህራችን ስህተቱን ራስሽ ፈልጊው አለኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 13

የአክስቴ የሃዋ ዶሮ ተበላች። ሸለምጥማጥ ነው። ስምንት ቀን የታቀፈቻቸው እንቁላሎች ቀሩ። አክስቴ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛቸው መጣች፤ ሳጥንሽ ይታቀፋቸው አለች። ሥራው ያላለቀ ሳጥን! እምቢ ለማለት አፈርኩ። ሜሮን፣ "አንቺ፣ በቃ ዶሮ ሆንሽ!" አለችኝ። ግን አምፖሉን በእጇ እያበራች እያጠፋች ጠበቀችልኝ። አለበለዚያ ይቀቀላሉ።

አክስቴን ልሸኝ ወጣሁ። በሩ ላይ የማሠልጠኛው ዘበኛ ነበር። እንደ ልማዷ ጤናውን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን ጠየቀች፤ ጨርሳ እንደገና ጤናውን። ሁልጊዜ ያሳፍረኛል። ደህና ነኝ ብሎሻል እኮ አልኳት።

"ቅድም ነው ያለው። አሁንስ? ሰው ድንጋይ ነው እንዴ?"

ቆምኩ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ሮጥኩ።

አገኘሁት! ሙቀቱን የምታነበውን መስመር ከዙሩ፣ ፕሮግራሙ እየደጋገመ ከሚሠራው ክፍል፣ በላይ ነው የጻፍኳት። ፕሮግራሙ ጠዋት አንዴ ይጠይቃል፣ ብርድ ነው ይባላል፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ይዞ ይዞራል። ልክ እኔ። አንዴ ሰላም ብዬ አንገቴን ደፍቼ እንደምሄደው። መስመሯን ዙሩ ውስጥ አስገባኋት። አሁን በዞረ ቁጥር ይጠይቃል።

አምፖሉ ጠፋ። ቆይቶ በራ። ደግሞ ጠፋ። ሜሮን አቀፈችኝ። እኔ ነኝ የሠራሁት። እኔ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26። ጠዋት

ሳጥኑ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው። አንዱ እንቁላል ተሰነጠቀ። ምንቃር! አክስቴ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን "ኬፍ?" ብላ ጤናውን ጠየቀችው፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ዘበኛው እንኳ መጥቶ አየ።

መምህራችን ነገ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች ማን ያስረዳል ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ ሜሮን ዞሩ። እጄን አነሳሁ። አዎ፣ እጄን። ለእነሱ በአማርኛ፣ ለአክስቴ በበርታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔው ነኝ የምናገረው። ደግሞ

ቆይ። ሁለተኛው እየጮኸ ነው