አምስት ጭረት ያላት ጠገራ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እማ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? ብርድ ሲገባ የሚይዝሽ ወገብሽስ? ሰዓደት ቅቤ እያሞቀች ታሽሻለች ወይስ ሥራ በዛብኝ ትላለች? ላሟስ በሰላም ወለደች? እኔ፣ ሱሀይርና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ሰውነታችንን ማለቴ ነው። የእኔ ልብ ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሀፍሷ፣ ይህን ለአያትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አደራ ልበልሽ። በስልጢኛ ስትነግሪያት አንድም ነገር አትዝለዪ። አጎቴ እንዳያፍር ብለሽም አታለሳልሺልኝ፤ ማፈር የሚገባኝን ያህል ልፈር። በስልክ ልነግራት ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄ ዘግቻለሁ።

እማ፣ በመስከረም አምስቱን ጠገራ ብር በወንድሜ በፈርሀት እጅ ስትልኪልኝ ያልሽው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌባ ሰፈር የገባ ጊዜ በፕላስተር ከሳጥኑ ክዳን ሥር ለጥፈሻቸው፣ ስንት ዓመት እዚያው ኖረው፣ አሁን ስታወጫቸው ፕላስተሩ ተልጦ ሙጫው እላያቸው ላይ ቀረ። ጣትሽን እየያዘ አስቸገረሽ። “ሙጫውን ብቻ አስለቅቅልኝ፤ ሌላውን እንዳትነካ” አልሽ። ወንድሜ ቃልሽን ሳይጨምር ሳይቀንስ አድርሶልኛል። ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ምን አለሽ ተራ ተቀምጬ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። ዝገት የጨረሰው ነገር እኔ እጅ ገብቶ ሲወጣ ባለቤቱ እንኳ አያውቀውም። በዚህ እኮራለሁ፤ ኩራቴም ጎረቤት እስኪሰለች ድረስ ነው። ስለዚህ አንቺ ሙጫ ብትዪኝ እኔ አዲስ አድርጌ ልመልስላት አልኩ።

መጀመሪያ በሎሚና በአመድ አሸኋቸው። ሙጫው እምቢ ሲል በቢላ ፋቅሁት። ከዚያ እልህ ያዘኝና በሞተር የሚሽከረከረውን የሽቦ ብሩሽ አስነሣሁ። ሙጫው ወዲያው ጠፋ፤ አብሮት የስንት ዘመን ጥቁረታቸው ጠፋ፣ ብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ፊትም ለሰለሰ። ጠርዛቸውን ስዳስስ ሻካራ ነገር አገኘሁ። እኛ ጠርዙ ያልተሞረደ ምድጃ ከሱቅ አናወጣም፤ የባለቤቲቱን እጅ ይቆርጣል። ያንቺንም እጅ እንዳይቆርጥ ብዬ በሞረድ ላግኋቸው። ለአንቺ አስቤ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰው እንዲያይልኝ ነው። አራቱን እንደጨረስኩ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሬ ተራውን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

በዚያው ቀን ደውዬ “እማ፣ እንደ መስታወት ያበራሉ” አልኩሽ። አንቺም በሀፍሷ በኩል “ማብራታቸው ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጣቴን መያዝ ተዉ ወይ?” አልሽኝ። ዓይንሽ ብርሃን ካጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያን እያወቅሁ ለዓይን ስወለውል ዋልኩ። እማ፣ ይህን ስጽፍ ብቻዬን ሆኜም ፊቴ ይቃጠላል።

አምስተኛዋ ሙጫዋ ከሁሉ የወፈረ ስለነበር ለማግስቱ ትቻት ነበር። በማግስቱ እንዲያደንቁልኝ አምስቱንም ይዤ አሮጌ ብርና ጌጥ ወደሚነግዱት ወደ ጋሽ ሀብተሚካኤል ሄድኩ። አራቱን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አውልቀው ማን እንዳጠባቸው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ፣ ገና ፈገግ እንዳልኩ። “ጥቁረቱኮ ቆሻሻ አልነበረም፣ ቆዳቸው ነው። ገፈፍካቸው እኮ፣ አንተ ሰው!” አሉኝ። ከዚያ አምስተኛዋን አንሥተው ጠርዟን በጥፍራቸው ዳሰሱ። “ይቺ ላይ በቢላ ሆን ተብሎ የተቆረጠ ጭረት አለ። ና ቁጠረው” አሉኝ። ሙጫው ሥር አምስት ነበሩ።

ወዲያው ለሰዓደት ደወልኩ። ከሁላችን ታላቅ ስለሆነች ታውቃለች ብዬ ነው፤ ታውቃለችም። አባባ ጎጃም በረንዳ በተሸካሚነት ሲሠራ፣ አንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ጠገራ ይዞ እየመጣ ጠርዟን በቢላ ይቆርጥልሽ ነበር አለችኝ። አንድ ጭረት የእሷ፣ ሁለት የፉርቃን፣ ሦስት የፈርሀት፣ አራት የሀያቱ፣ አምስት የእኔ። ስለ አራቱ የሆነውን ነገርኳት። “የፉርቃንስ?” ብላ ጠየቀችኝ። የእሱም ከተላጉት አንዷ ነች አልኳት። እንዳትነግርሽ የለመንኳት እኔ ነኝ፤ እሷን አትቆጪ።

እማ፣ እኔ አባባ ሲሞት ጡት እንኳ አልጣልኩም፤ ፉርቃንንም ኩፍኝ ሲወስደው አልተወለድኩም። ልጅ ሆኜ ግን አይሽ ነበር። ጠገራዎቹን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ጠርዛቸውን በአውራ ጣትሽ ስትዳስሺ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ዚክር የምታደርጊ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኛን በየስማችን ስትጠሪ ኖሯል። የፉርቃን ፎቶ የለሽም፣ ልብሱም የለሽም። የነበረሽ ሁለት ጭረት ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ ቢለሰልስ ይሻላል ብዬ በላሁብሽ።

የቀረችውን ጋሽ ሀብተሚካኤል ራሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው አስጸዱኝ። የተጣበቀው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቁ እጅ አይሰነዘርም ይላሉ። ለብ ባለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና አድርገን አሳደርናት፤ አፈሩ ለቀቀ፣ ሙጫው ቀረ። መኪና ባትሪ ላይ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ አለቀለቅናት፤ አሲዱን አይደለም፣ ውሃውን። ስትደርቅ ንጹሕ አሴቶን በብርጭቆ አድርገን ነከርናት፤ ቀለምና ሽታ ያለበትን የጥፍር ማስለቀቂያ አይደለም። መስኮቱ ክፍት፣ የእኔ ከሰል በሙሉ ጠፍቶ። ብርጭቆውን ከድነን ጠበቅን። እኔ እጄ እየበላኝ ቢላ ሳይ “ተቀመጥ!” ይሉኛል። ሙጫው አብጦ ራሱ ሲነሣ በስቴኪኒ ጫፍ ገፋ አደረግነው። ያልለቀቀውን እንደገና ነከርነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገን አደረቅናት፤ ማሸት የለም። ጥቁረቷ እንዳለ፣ አምስቱም ጭረቶቿ እንዳሉ ወጣች። ይህን ትዕግሥት ከዘጠኝ ቀን በፊት ባውቀው ኖሮ!

አንድ የባሰ ነገር አለ፤ ሀፍሷ፣ ይህንንም አንብቢላት። ባለፈው ሰኞ አንዷን ጠገራ ብረት በምንቆነጥጥበት ሞርሳ ላይ አስሬ ሞረዱን አነሣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ እንደ አዲስ ልቆርጥልሽና ዝም ልል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ሞረዱን ጠርዟ ላይ ሳሳርፍ ግን ይቺ የፉርቃን ትሁን የሀያቱ አላውቅም። በገዛ እጄ ወንድሜን የትም አስቀምጬ ስሙን በሌላ ሰው ጠገራ ላይ ላስጠራሽ ነበር። ሞርሳውን ፈትቼ ቁጭ አልኩ። አራቱም እንደተላጉ አሉ፤ ምንም አልጨመርኩባቸውም።

ለእህቴ ለሰዓደት ሰላም በይልኝ፤ ይቅርታዋንም እጠብቃለሁ። ለፈርሀትና ለባለቤቱ፣ ለሀያቱና ለመንታዎቿ፣ በደጅ ለሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ሀፍሷ፣ አንቺም ይህን ሁሉ ሳትዘዪ ስላነበብሽ አላህ ያክብርሽ። ሱሀይር ጉልበትሽን ትስማለች፤ ልጆቹም እንዲሁ።

ጠገራዎቹን በሰው እጅ አልክም። ደብዳቤውን ሹፌሩ ማስረሻ ያድርስልኝ፤ እኔ የፊታችን እሑድ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ። አራቱን እጅሽ ላይ ሳደርግ የፈለግሽውን በዪኝ፤ ምናልባት የእኔ ዓይን ያጣውን ያንቺ ጣት ያገኘው ይሆናል። ካላገኘው ግን እማ፣ ባለ አምስት ጭረቷን ለፉርቃን አድርጊያት። እሷን ስትዳስሺ የእሱን ስም ጥሪ። እኔን ስትፈልጊኝ እኔ አለሁልሽ፤ በጠገራዬ ፈንታ እጄን እሰጥሻለሁ፣ ትዳብሺዋለሽ።

ያሳፈረሽ ልጅሽ
ሙናዊር

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.