ጎላው በማማሰያ አይነካም

ውድ ወንድምዓለም አምብሩሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ የሚያሠቃይህ ጉልበት ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ዡዣ ደህና ናት? ትንሿ ቦርባላስ ጥርስ አወጣች? የካናዳው ብርድ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ከክንዴና ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። ክንዴ ለምን እንደታመመ እነግርሃለሁ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድብህ አትፍረድብኝ።

በፋሲካ ሰሞን በላክልኝ ደብዳቤ፣ "አባባ አይናገር፣ ሰው አይለይ፣ አንቺም ብቻሽን ልታልቂ ነው፤ መጦሪያ ቤት ይግባ" ብለኸኝ ነበር። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩብህ። ኋላ ሳስበው ግን እውነትህን ነው አልኩ። ጥር ላይ ቀኝ ጎኑ ሽባ ከሆነ ወዲህ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሳጎርሰው አፉን ይከፍታል፣ ሳስተኛው ይተኛል፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ አያርፍም። ስለዚህ ተስማማሁ፤ ሰኞ ጠዋት መኪና መጥቶ ሊወስደው ተቀጠረ።

እሑድ መሸኛ እንዲሆነው ዕድሜ ልኩን ባዞረው በገዛ ጎላው፣ በገዛ ግቢው የበግ ወጥ ልሠራለት ተነሣሁ። መቼም ሽታው እንኳ ይድረሰው ብዬ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ዴኔሽ በጉን አረዱልኝ፤ ጭንቅላቱንና እግሩንም እንደ ወጉ በእሳት ለብልበው አጸዱልኝ። ጎላ ማዞር ግን ወገባቸው አይፈቅድላቸውም። እኔ ነኝ የማዞረው ስላቸው ሳቁብኝ። "በዚህ ከተማ ጎላ ያዞረች ሴት አላየሁም። ደግሞስ ይሄ ክንድ ነው? የልብስ መስቀያ ነው እንጂ" አሉኝ። እርስዎ ወገብዎን ይያዙ አልኳቸው።

ስብና ሽንኩርቱን ከሥር፣ በላዩ ጭንቅላቱንና እግሩን፣ ከዚያ ጨጓራውን፣ ከሁሉ በላይ ሥጋውን ደረደርኩ፤ በየመሐሉ ጨውና ቀይ በርበሬ ነሰነስኩ። ጠብታ ውሃ አልጨመርኩም። ክዳኑን ገጥሜ፣ እሳቱን ማግጄ፣ የጎላውን ጆሮ በጨርቅ ይዤ ወዲያ ወዲህ ማዞር ጀመርኩ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ አንተ ታውቀዋለህ። አባባን ከፕሪሙ ዛፍ ሥር ወንበሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እንደ ወትሮው መሬት መሬት ያያል።

እኩለ ቀን ሲሆን የጎላው ድምፅ ተለወጠ። ሲንተከተክ የቆየው ይንጫጫ ጀመር። አረረ ብዬ ደነገጥኩ። የእኛ ጎላ በማማሰያ እንደማይነካ፣ ከተማሰ ሥጋው ፈርሶ ገንፎ እንደሚሆን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ድንጋጤ ግን መች ዕውቀት ይተዋል። ከኩሽና ረጅሙን ማማሰያ ይዤ ሮጥኩ። ክዳኑን ከፍቼ ልነክረው ስል ከኋላዬ፣ "አታማስዪ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጋሽ ዴኔሽ መስለውኝ ልቆጣቸው ዞርኩ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አባባን ያያሉ። አባባ ደግሞ እኔን ያያል። አምብሩሽ፣ እኔን ነው የሚያየው፤ ያ የድሮው ቁጣው ዓይኑ ውስጥ አለ። "አዙሪ" አለኝ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቃሉም ግማሹ ተበልቷል፤ ግን የራሱ ነው። ማማሰያውን የት እንደጣልኩት እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልንገርህ። ግራ እጁን ከጭኑ ላይ አነሣ። ሲያነሣ አዞራለሁ፣ ሲያወርድ አቆማለሁ። እጁን ወደ ጎን ሲገፋ ጋሽ ዴኔሽ ፍሙን ከሥር ይጎትታሉ። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ወጡን በጆሮው ነው የሚሠራው። እኔ አጠገቡ ቆሜ የማልሰማውን እሱ ከዛፉ ሥር ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲያ ያለ ፍርሃት ይዞኝ አያውቅም። የለም ብለን የተውነው አባታችን ለካ እዚያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ክዳኑን ስንከፍት ሥጋው ከአጥንቱ ለቅቋል፣ መረቁ ቀልቶ ወፍሯል፣ ከሥር ምንም አልያዘም። ጋሽ ዴኔሽ ሳህናቸውን ጠርገው፣ "በይ የልብስ መስቀያዋ፣ ድገሚኝ" አሉ።

ጎላውን አባባ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን፤ እሱ ግን ላጉርሰው ብል እምቢ አለ። ጭልፋውን በግራ እጁ ቀማኝና አንዱን የፊት እግር አውጥቶ ባዶ ሳህን ላይ አደረገ፤ ሳህኑን በጠረጴዛው ላይ እየገፋ በአጥሩ በኩል ካለው የድሮ ወንበርህ ፊት አደረሰው። ያን ልጅ ሆነን የምንጣላበትን የበጉን እግር ማለቴ ነው። "የአምብሩሽ" አለ። እሱ የበላው ከዚያ በኋላ ነው፣ በገዛ እጁ፣ ሸሚዙን እያበላሸ። እኔ አለቀስኩ እንጂ አልበላሁም።

ዛሬ ጠዋት መኪናው መጣ። ሾፌሩን የተረፈውን ወጥ በዳቦ አብልቼ ባዶ መኪናውን መለስኩት። ልትቆጣኝ ትችላለህ። ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አታድርጊ ብሎኛል፤ ከትላንት ወዲህ ሌላ ቃል አልተናገረም። ቢሆንም ዓይኑን ቀና አድርጎ የሚያየኝን አባቴን አሳልፌ አልሰጥም። ብቻዬን ግን አልችልም፣ ወንድሜ። ጎላው ከባድ ነው። በጋው ሳያልቅ ና።

ዡዣን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። ቦርባላን አያትሽ መናገር እየጀመረ ነው፣ እንደ አንቺው ነው በላት። ጋሽ ዴኔሽ፣ "እዚያ አገር ጎላ የሚያዞር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂው" ብለዋል። አባባም ሰላም ብሎሃል ብዬ እንዳልጽፍ፣ ሰላም አላለም። ያለው ስምህን ብቻ ነው።

እህትህ ኤቴልካ

ካርትሳግ፣ ሰኞ፣ ጁን 10 ቀን 1996