በመዶሻ የተጠየቀው አልማዝ

ይድረስ ለሲሳይ፣ ለቤቴ አባወራ፤

ያለ አንተ የፈሰክነው ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እንዴት ሰነበትክ ብልህ የምትመልስልኝ አይደለህም፤ እኛ ግን አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመኪናህን ሸራ ግቢው ላይ ወጥረን ጥላ አድርገነዋል። ማንጎው ዘንድሮ ዘግይቶ አፈራ። ወንድምህ ታደሰ ጋራዡን ዘግቶ ሲወጣ እኛን ሳያይ አይሄድም፤ የሚያፈስሰውን ጣሪያ የደፈነው እሱ፣ ቧንቧውን የጠገነው እሱ ነው። ልጃችን አልማዝ ታጭታለች። ሽማግሌዎቹ ከወልድያ መጡ፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ብታየው ትወደው ነበር፣ ማብሸቅህ ባይቀርም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቀለበቱ ነው። ልጅቷ በተወለደች ሰሞን ከጅቡቲ ጭነት ይዘህ ስትመለስ ከሸሚዝህ ኪስ አውጥተህ ጣቴ ላይ ያጠለቅክልኝ። አንድ ነጋዴ ዕቃውን ከበረሃ ስላወጣሁለት ሰጠኝ፣ ድንጋዩ አልማዝ ነው አልክ። በዚያው ልጅቷንም አልማዝ አልናት። መርሳ ውስጥ አልማዝ የምትባል ሴት ሞልታለች፤ ድንጋዩን ያየ ሰው ግን አልነበረም። እኛ የምናውቀው አልማዝ መስታወት ቆራጩ የሚይዘውን መቁረጫ ነው። አንተ ደግሞ ከወሬህ ግማሹ ጨዋታ ነበርና ማን ይመንህ። ሰው ያልተጨበጠ ነገር ሲያወራ «ይሄማ የሲሳይ አልማዝ ነው» ይባል ጀመር። አንተ አብረህ ትስቅ ነበር፤ እኔን ግን ያናድደኝ ነበር።

አልማዝ በሰርጌ ቀን ቀለበቱን አደርገዋለሁ ስትል ታደሰ ተነሣ። «እታለም፣ አማቾቻችን ፊት ማንም በወንድሜ እንዲሥቅ አልፈልግም። እውነተኛ አልማዝ እንደሆነ አይሰበርም፤ መትቼ አሳያቸዋለሁ» አለኝ። ተው ብለው አልሰማም። እሑድ ከምሳ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ድንጋዩን ከቀለበቱ ፈልቅቆ ብረት ላይ አስቀመጠና በመዶሻ መታው። እንደ ስኳር ተፈረፈረ። የታደሰ ፊት አመድ መሰለ። ሲሳይ፣ ይህን ልብ በልልኝ፤ የመታው ተጠራጥሮህ አይደለም፣ አምኖህ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ እሱው ራሱ፣ ወንድሜ ጅቡቲ ድረስ ሄዶ ብርጭቆ ይዞ መጣ እያለ ያሥቃል። አብሮም ይሥቃል፤ ከጥርሱ ነው እንጂ ከልቡ አይደለም።

መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ ሌላ ድንጋይ ላስገባበት ብዬ ቀለበቱን ይዤ ወልድያ ሄድኩ። ፍርፋሪውን መጣል አልሆንልኝ ብሎ በመሀረብ ቋጥሬው ነበር። አንጥረኛው አይቶ ምንድነው ቢለኝ የባሌ ብርጭቆ ነው አልኩት። ትልቁን ስባሪ በወረንጦ አንሥቶ በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየው፤ ከዚያ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ አስነካው፣ መሣሪያውም ጮኸ። «እናቴ፣ ይሄ አልማዝ ነው። ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለኝ። ወንበር ስቦ ሰጠኝ።

ጥንካሬው ላለመጫር ነው እንጂ ላለመሰበር አይደለም አለኝ። እንደ ፍልጥ እንጨት መስመሩን ያገኘ ምት ይከፍለዋል። መስታወት መቁረጡም ማስረጃ አይሆንም፤ የሚቆርጥ ሌላ ድንጋይ ሞልቷል። ዋጋው የሚታወቀው በክብደቱ፣ እንደ ውሃ ጠርቶ ቀለም ባለመያዙ፣ ውስጡ እንከን ባለመኖሩ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን አቆራረጡ ይታያል። በደንብ የተቆረጠው የገባበትን ብርሃን መልሶ በላይ ያወጣዋል፣ ያልሆነለት በታች ያፈስሰዋል። ያንተው ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ አንዲት ነቁጥም አለችበት፤ ሳይጎዳ በቀረው ጎኑ ግን የሠለጠነ እጅ እንደቆረጠው ያስታውቃል አለኝ። ቤት ውስጥ ለመገመት እንኳ ሃ ብሎ መተንፈስ ይበቃ ነበር፤ ብርጭቆ ላይ ጉሙ ይቆያል፣ አልማዝ ላይ ወዲያው ይጠፋል። በትንፋሽ የሚጠየቀውን በመዶሻ ጠየቅነው፣ ሲሳይ። አሁንስ ዋጋ አለው ወይ ስለው ከንፈሩን መጠጠ።

ሚኒባሱ ውስጥ ባሌ አልዋሸም ብዬ መጮህ አማረኝ። ሲሪንቃን እስክናልፍ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ከዚያ ታደሰ ትዝ አለኝ፤ ደስታዬም እዚያው ላይ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ከጠራ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረኝ የለም።

ታደሰ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ዘንቢሌን ተቀብሎኝ ጥቂት ሄድን። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «እታለም፣ ሰውዬው ስለ ፍርፋሪው ምን አለ?» አለኝ። ብርጭቆ ነው አለ አልኩት።

አትቀየመኝ። አንተ ውሸታም መባልን ሥቀህ ታልፈው ነበር። እሱ ግን የወንድሙን እውነት በገዛ እጁ እንደሰበረ ካወቀ፣ ከእንግዲህ መዶሻ አንሥቶ እንጀራውን አይበላም። ሞተህም አስቸገርኩህ፤ ለወንድምህ ስትል ይህን የውሸታም ስም ቻልልኝ። ለአልማዝም አልነገርኳት፤ አጎቷ ነው የሚድራት። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አገሩ መርሳ ነው፤ እኔ ግን አልረሳም።

ባለቤትህ አበባ